ለዘጠኝ የሚካፈል ስህተት

መተዳደሪያዬ ስህተት መፈለግ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየወሩ መጨረሻ ሁለት ዓምዶች እኩል አንመጣም ብለው ያምጹብኛል፤ እኔም መነጽሬን አጥልቄ ልዩነቱ የተሸሸገበትን ሰነድ ሳሳድድ አመሻለሁ። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ዘዴ አለች። ልዩነቱ ያለ ቀሪ ለዘጠኝ ከተካፈለ፣ አንዱ ቁጥር ሲጻፍ አሃዞቹ ቦታ ተለዋውጠዋል ብለህ ጠርጥር። 54 መሆን የነበረበት 45 ተብሎ፣ 720 መሆን የነበረበት 270 ተብሎ ሰፍሯል። የመጀመሪያው ልዩነት 9፣ የሁለተኛው 450 ነው፤ ሁለቱም ለዘጠኝ ይካፈላሉ። ልዩነቱ ለሁለት ሲካፈል ደግሞ የልዩነቱን ግማሽ የሚያህል ገንዘብ በአንዱ ዓምድ (በዴቢት) ፈንታ በሌላው (በክሬዲት) በኩል ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ስህተት ከሰማይ ዱብ አይልም፤ የመጣበት መንገድ አለው። መንገዱን የጠረጠረ ሰው የዓመቱን ሰነድ ሁሉ ከማገላበጥ ይድናል።

ይህን ለዓመታት እያወቅኩ ነው እንግዲህ ቤቴ ስገባ ሌላ ሰው ስሆን የኖርኩት። ከልጆቼ አፍ የሚወጣ ስህተት ሁሉ በቶሎ ተሰርዞ ትክክለኛው እንዲጻፍበት የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። በየት በኩል መጣህ ብሎ የመጠየቅ ሐሳብ በፍጹም አልመጣልኝም።

ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ ስድስት ዓመቷን ልትደፍን ነው፤ ትንሹ ሦስት አልፎታል። ትልቋ አራት ዓመት ተኩል ሳለች፣ አንድ ማታ በሁለት እኩል ብርጭቆዎች ውኃ ቀዳሁላቸው። እኩል መሆናቸውን እሷው ራሷ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክላ አይታ አጸደቀች። ከዚያ ትንሹ ልጄ ብርጭቆ እንዳይሰብር ብዬ የእሱን ድርሻ ቀጭንና ረጅም ወደሆነው የፕላስቲክ ኩባያው ገለበጥኩት።

"የእሱ በዛ!"

"አሁን እኩል ነው ብለሽኝ አልነበረም?"

"አሁን ተለወጠ። እየው፣ እስከዚህ ደርሷል።" ጣቷን ከኩባያው ላይ፣ ውኃው በቆመበት ልክ አሳረፈች።

ውኃውን ወደ ብርጭቆው መለስኩት። እኩል ነው አለች። ዳግመኛ ወደ ኩባያው ገለበጥኩት። የእሱ በዛ አለች። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ በየዙሩ ድምፄ አንድ ደረጃ ከፍ ይል ነበር። በአራተኛው ላይ "እሺ፣ እኩል ነው" አለችኝ። አሸነፍኩ ብዬ ቀና ስል ባለቤቴ ከወዲያ ማዶ ስትሰማ ቆይታ፣ "ውኃውን አይደለም እኮ ያየችው፤ ፊትህን ነው" አለችኝ።

ያች አነጋገር ከረመችብኝ። ነገሩን ማንበብ የጀመርኩትም ከዚያ በኋላ ነው፤ የውኃው ሙግት የእኛ ቤት ፈጠራ አለመሆኑን ያወቅኩትም ያን ጊዜ። የሙግቱ ባለቤት እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1980 የኖረው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1920 አካባቢ ገና ወጣት ሳለ ፓሪስ ውስጥ የልጆች የማመዛዘን ፈተና የማዘጋጀት ሥራ ተሰጥቶት ነበር። ሥራው ትክክል የመለሱትን መቁጠር ነበር። እሱን የማረከው ግን የተሳሳቱት መልሶች ነበሩ፤ በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚሳሳቱት በአንድ ዓይነት መንገድ መሆኑን አስተዋለ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን የፈጀው ልጆችን ይዞ "እንዴት እንዲህ አልክ?" እያለ በመጠየቅ ነው፤ የራሱን ሦስት ልጆች ጨምሮ። ልጅ አነስተኛ ዕውቀት የጫነ ትልቅ ሰው አይደለም፣ ነገሩን የሚያይበት የራሱ ሥርዓት አለው ወደሚል መደምደሚያ የደረሰውም እነዚያን ስህተቶች ተከትሎ ነው። ይህን ሳነብ እንደ ሥራ ባልደረባ ነው ያየሁት። ልዩነቱን ለዘጠኝ የሚያካፍል ሰው!

የልጄ ስህተት መንገድ እንግዲህ ይህ ነበር፦ ከፍታን ታያለች፣ ስፋትን አታይም። በአንድ ጊዜ ሁለቱን አጣምሮ መያዝ ለዚያ ዕድሜ ይከብዳል። ከፍታን ብቻ የሚመለከት ሰው ደግሞ "የእሱ በዛ" ቢል ፍርዱ ትክክል ነው፤ የጎደለው ፍርዱ ላይ ሳይሆን ከፊቱ ባለው መረጃ ላይ ነው። እኔ ድምፄን ከፍ በማድረግ የትኛውን መረጃ እንደጨመርኩላት አሁንም አይገባኝም።

ይህም ሆኖ ፒያዤ ራሱ ከእርማት አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጄምስ ማክጋሪግልና ማርጋሬት ዶናልድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ የፒያዤን ፈተና በትንሹ ቀየሩት። በውኃው ፈንታ በሁለት ረድፍ እኩል የተደረደሩ ነገሮች አሉ። አንዱን ረድፍ የሚያዛባው ጠያቂው ሰውዬ መሆኑ ቀርቶ አንድ "ባለጌ" የድብ አሻንጉሊት ድንገት ገብቶ በታተነው። ያን ጊዜ እኩልነታቸውን የተናገሩት ልጆች ቁጥር በብዙ እጥፍ ጨመረ። አንዱ ምክንያት እንዲህ ይመስላል፦ አንድ ትልቅ ሰው እኩል ናቸው ወይ ብሎ ጠይቆህ፣ መልስህን ሰምቶ፣ ሆን ብሎ የሆነ ነገር ነካክቶ ያንኑ ጥያቄ ሲደግምልህ፣ የመጀመሪያው መልስህ አላስደሰተውም ማለት ነው። ልጆች ጥያቄውን ብቻ ሳይሆን ጠያቂውንም ያነባሉ። ባለቤቴ ይህን ምንም ሳታነብ ነው የነገረችኝ።

እኔም በቤቴ ድቡን አስመጣሁ። ቁልፎች በሁለት ረድፍ ደረደርኩ፣ የትንሹን አሻንጉሊት ድብ አስገብቼ አንዱን ረድፍ አስበተንኩት። ልጄ ቁልፎቹን ዞር ብላም አላየቻቸው። ድቡን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠችው። ምርምሬ በዚሁ ተጠናቀቀ።

ከሁሉ ነገር በላይ ልቤን ያንኳኳው ግን የጨረቃ ነገር ነው። አንድ ምሽት አራታችንም በእግር ወደ ቤት ስንመለስ ሙሉ ጨረቃ ወጥታ ነበር። ትልቋ አንገቷን ወደ ኋላ እንደጣለች ስትራመድ ቆየችና "ለምንድን ነው ጨረቃ የምትከተለን?" ብላ ጠየቀች። አፌን ከፈትኩ። የመሬትን መዞር፣ የርቀትን ነገር፣ ሁሉንም አንድ ላይ ልነግራት ተሰናድቻለሁ። ከዚያ የውኃው ማታ ትዝ አለኝና አፌን መልሼ ዘጋሁ።

"የምትከተለን እኛን ነው?" አልኳት።

"አዎ። ስንቆም ትቆማለች።"

"እንዴት እናረጋግጣለን?"

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ጥቂት ከተራመድን በኋላ እጄን ለቀቀችኝ። "አንተ ወደዚያ ሂድ። እኔ ከእማዬ ጋር ወደዚህ እሄዳለሁ። ከዚያ ማንን እንደተከተለች እንነጋገራለን።"

ትንሹን ተሸክሜ ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ግራ ሄድኩ፤ እነሱ ወደ ቀኝ። ተመልሰን ተገናኘን። እንደ መርማሪ ቀና ብላ "አንተን ተከተለችህ?" አለች። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ተከትላኛለች። "እኔንም ተከትላኛለች" አለችና ቅንድቧን ሰበሰበች። ከዚያ የመጣው ዝምታ ረጅም ነበር። በመጨረሻ፣ ሒሳቡን እንደዘጋ ሰው ዘና ብላ፣ "ስለዚህ ሁለት ናቸው" አለች።

ሁለት ጨረቃ! ሆኖም ከምሥክሮቹ ቃል ተነስታ የደረሰችበትን ፍርድ ተመልከቱት። ጥያቄ አንስታለች። መፈተኛውን ራሷ ነድፋለች። ሁለት ተመልካች አቁማ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ልካ፣ ቃላቸውን አነጻጽራለች። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው በተቃራኒ አቅጣጫ ሊከተል አይችልምና ሁለት መሆን አለበት ብላለች። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድም የተበጠሰ ቀለበት የለም። የጎደላት አንዲት ቁጥር ብቻ ናት፤ ጨረቃ በአማካይ 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚህ ርቀት አንጻር መቶ እርምጃ ምንም ስለሆነ ለሁለታችንም በዚያው በአንድ አቅጣጫ ትታያለች፤ አጠገባችን ያለው ግድግዳ ወደ ኋላ ሲቀር እሷ አልቀር ስትል ደግሞ የምትከተለን ይመስለናል። ያን ማታ ይህን አልነገርኳትም። በደስታ ሁለቱን ጨረቃዎቿን ይዛ ተኛች። እኔ ግን እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ስህተት አሳልፎ ወደ መኝታ የሄደ የሒሳብ ሠራተኛ የሚሰማው ዓይነት ማሳከክ ነበረብኝ።

አፍን ዘግቶ መቆየት ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ ይሞክረው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ በድምፅ መቅረጫ ለክታ ነበር። በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ነው። ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ወይ ጥያቄውን ይደግሙታል፣ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራሉ፣ ወይ ራሳቸው ይመልሱታል። ያንን ወደ ሦስት ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ "አላውቅም" የሚለው ቀነሰ፣ ምክንያት የሚሰጡና ራሳቸው የሚጠይቁ ልጆች በዙ። ሦስት ሴኮንድ ምን ማለት ነው ትሉ ይሆናል። እኔ በልቤ እየቆጠርኩ ሞክሬዋለሁ። ሁለት ላይ ስደርስ አፌ በራሱ ጊዜ ይከፈታል። እጄማ ከአፌ ይብሳል፤ ትንሹ የሥዕል ቁርጥራጮች ሲገጣጥም አንዱን ቁራጭ ገልብጦ ይዞ ሲታገል ሳይ ጣቶቼ ሳላዛቸው ይንቀሳቀሳሉ። አሁን እጄን ከጭኔ በታች አድርጌ እቀመጥበታለሁ። ይህ ለአባት የማይመጥን አቀማመጥ ከሆነ ይሁን።

እንግዲህ አዲስ ነገር የተማረ ሰው እንደሚያደርገው እኔም አበዛሁት። "አንቺ ምን ይመስልሻል?" የሚለው ጥያቄ ከአፌ የማይጠፋ ሆነ። ለምን ውሻ ምላሱን ያወጣል? አንቺ ምን ይመስልሻል? ለምን ብረት ይቀዘቅዛል? አንቺ ምን ይመስልሻል? ይህ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ በኋላ አንድ ቀን ትክ ብላ አየችኝና "አታውቅም እንዴ?" አለችኝ። ከልቧ አዝና ነበር።

ልክ ነበረች። ልጅ የሚጠይቀው በብዛት ለማወቅ ነው። ሚሼል ሹናርድ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመችው ጥናት ሕፃናት ከትልቅ ሰው ጋር ሲያወሩ በተቀረጹ ንግግሮች ውስጥ መረጃ ፈልገው ያነሷቸውን ጥያቄዎች ቆጥራ በአማካይ በሰዓት 76 ያህል አግኝታለች። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ "ለምን" ብሎ የጠየቀ ልጅ እውነተኛ ምክንያት ሲነገረው ረክቶ ወደሚቀጥለው እንደሚሻገር፣ ምክንያት ያልሆነ ነገር ሲነገረው ግን ያንኑ እንደሚደግም ወይም የራሱን ማብራሪያ እንደሚፈጥር አሳይተዋል። ያ የሚያሰለቸን "ለምን፣ ለምን" ብዙ ጊዜ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ጥያቄዎቿን ለያይቻቸዋለሁ። ልጄ በራሷ ዓይንና እግር ልትደርስበት የምትችለውን እመልስላታለሁ ብዬ አልቸኩልም። ልትደርስበት የማትችለውን፣ ለምሳሌ ውሻ እንደ እኛ ሰውነቱን በሙሉ ላብ አውጥቶ ማቀዝቀዝ ስለማይችል በማለክለክ ሙቀቱን እንደሚያወጣ፣ በቀጥታ እነግራታለሁ። የማላውቀውን አላውቀውም እላለሁ። ይህ ሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ እንደሚያስደስታት ሳይ ትንሽ ይከፋኛል።

የትንሹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ገና ጨረቃን የሚመረምርበት ጊዜ አልደረሰም፤ የእሱ ትግል ከራሱ ጋር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የታጠበ ልብስ አልጋ ላይ ከምረን አብረን እንለያለን። መጀመሪያ በቀለም፦ ነጭ በዚህ፣ ጥቁር በዚያ። ይህን አሳምሮ ይሠራል። ከዚያ "አሁን ደግሞ በባለቤት፤ የአባዬ በዚህ፣ የእማዬ በዚያ" እለዋለሁ። ይስቃል፣ እሺ ይላል፣ ነጩን የእናቱን ሸሚዝ አንስቶ ቅድም የነጭ ክምር ወደነበረበት ቦታ ይወረውራል።

"ይህ የማን ነው?"

"የእማዬ።"

"የእማዬ የት ነው የሚቀመጠው?"

በጣቱ በትክክል ያሳየኛል። ከዚያ የሚቀጥለውን ነጭ ልብስ አንስቶ እንደገና ወደ ነጩ ቦታ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን "አሁን ነግሬህ የለም እንዴ!" እል ነበር። ነገር ግን ፊሊፕ ዘላዞና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካርዶች የሠሩት ይህንኑ ነው። ካርዶቹን መጀመሪያ በቀለም፣ ቀጥሎ በቅርፅ እንዲለዩ የተጠየቁ የሦስት ዓመት ልጆች አብዛኞቹ ሕጉ ከተቀየረ በኋላም በአሮጌው ይቀጥላሉ፤ አዲሱ ሕግ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን በትክክል ይናገራሉ። አራትና አምስት ዓመት ሲሞላቸው አብዛኞቹ ይሻገሩታል። ማወቅና ማድረግ በዚያ ዕድሜ የተለያዩ ክፍሎች ውስጥ የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ በሩ ገና አልተከፈተም። ልጁ እኔን አልናቀም፣ አልዘነጋም፣ አላመጸም። የጀመረውን ማቆም አቃተው እንጂ። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ከስንት ቁጣ እንደዳንን እግዜር ይወቀው።

በሩን የሚከፍት ቁልፍ በገበያ የለም። እኛ የምናደርገው ጨዋታ ነው። ሙዚቃ ሲቆም ባለህበት ድርቅ ማለት፤ "ቀን" ስል "ሌሊት"፣ "ትልቅ" ስል "ትንሽ" ብሎ መመለስ፤ በሹክሹክታ የተነገረን ትእዛዝ ብቻ መፈጸም። ሁሉም አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ መጀመሪያ የመጣብህን አቁመህ ሌላውን ማድረግ። ትንሹ ድርቅ በል ሲባል ቆሞ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ሳቁን ሲውጥ ላየው ሰው፣ ይህ ቀላል ሥራ እንዳልሆነ ይገባዋል። ልብሱን ሲለይ ደግሞ ራሱን በራሱ ሲያዝ እሰማዋለሁ፦ "የእማዬ... ወደዚህ... አይ፣ ወደዚያ።" ድሮ ከእኔ ጋር የሚያወራ መስሎኝ እመልስለት ነበር። ከፒያዤ ጋር በአንድ ዓመት ተወልዶ ገና በ37 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1934 በሳንባ ነቀርሳ የሞተው ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሌቭ ቪጎትስኪ ይህ ለብቻ ማውራት ከንቱ ልፍለፋ እንዳልሆነ፣ ልጁ ሥራውን በቃል እየመራ እንደሆነና ይህ ድምፅ ኋላ ወደ ውስጥ ገብቶ ሐሳብ እንደሚሆን አስረድቷል። ስለዚህ ልጄ ለራሱ ሲያወራ አላቋርጠውም። ስብሰባ ላይ ነው።

ትዕግሥትም እንደዚሁ ነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሸል የሠራውን የጣፋጭ ፈተና ያልሰማ ወላጅ ያለ አይመስለኝም፤ አንዱን አሁን ትበላለህ ወይስ ጠብቀህ ሁለት ታገኛለህ የሚለውን። በዚህ ፈተና ስንቱ ወላጅ ልጁን ቤቱ ውስጥ ፈትኖ ተስፋ ቆርጦ ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2013 ሴለስት ኪድና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ነገር ግን ከዚያ ይልቅ ይገርመኛል። ከፈተናው በፊት አንዳንዶቹን ልጆች የተሻለ የሥዕል ዕቃ አመጣላችኋለሁ ብሎ ቃል የገባው ሰው አመጣላቸው፤ ሌሎቹን ይቅርታ፣ የለም አላቸው። ጣፋጩ ሲመጣ ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ጠበቁ፤ የተከዱት 3 ደቂቃ ያህል። ያልጠበቀው ልጅ ራሱን መግዛት ያቃተው ሳይሆን ሒሳብ የሠራ ሊሆን ይችላል። "ቆይ፣ አሁን እመጣለሁ" ብዬ ስልኬን እያየሁ ግማሽ ሰዓት የቆየሁባቸው ማታዎች ሁሉ በእሱ መዝገብ ተጽፈዋል ማለት ነው። በየትኛው ዓምድ እንደሆነ አልጠይቅም።

ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ "ተደብቄያለሁ" የሚለው ነገርም አለ። ድብብቆሽ ስንጫወት ከመጋረጃው ሥር ሁለት እግሮች እየታዩ "እዚህ ነኝ፣ ፈልገኝ!" ይለኛል። ሌላው ሰው የሚያውቀው እኔ ከማውቀው የተለየ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ የሚጸናው አራት ዓመት ገደማ ከሞላቸው በኋላ ነው። ተመራማሪዎች የሚፈትኑት በቀላል ተረት ነው፤ አንዲት ልጅ ኳሷን ቅርጫት ውስጥ ትታ ትወጣለች፣ ሌላዋ ወደ ሳጥን ታዛውረዋለች፣ የመጀመሪያዋ ስትመለስ የት ትፈልጋለች? ትንሹ "ሳጥን ውስጥ" አለኝ፤ ኳሱ ያለው እዚያ ነዋ። እህቱ ራሷን ይዛ "አላየችም እኮ!" እያለች ልታስረዳው ስትለፋ ከዳር ቆሜ ሳያት ራሴን አየሁ። ድምፅዋም በየዙሩ አንድ ደረጃ ከፍ ይል ነበር።

ስለሚሸጡት ነገሮች ብዙ አልልም። የልጅ አእምሮ ያበለጽጋል ተብሎ የሚሸጠው ብልጭ ድርግም የሚል ዕቃ የእኛንም ቤት ሞልቶት ያውቃል። የሞዛርት ሙዚቃ ሕፃን ያነቃል የተባለውም የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1993 በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ነው፤ ሕፃን የተባለ አልነበረበትም፤ የታየውም ውጤት ከደቂቃዎች አይዘልም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች ተቀምጦ ስክሪን ማየት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ቢቀንስ እንደሚሻል መክሯል። እኛ ቤት አንዳንድ ቀን ይበልጣል። ሰው ነን፤ ይደክመናል። ከተሸጡልን ይልቅ ያገለገለን በካርቶን ላይ ከ1 እስከ 10 በተርታ የሣልነው የቁጥር መንገድ ነው። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳተሙት፣ እንዲህ ባለ መንገድ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ ያህል የተጫወቱ ልጆች የቁጥር ዕውቀታቸው ተሻሽሏል። ምስጢሩ ያለው ጠጠሯን ስታራምድ በምትረግጠው ቁጥር ላይ ነው፤ አምስት ላይ ያለ ልጅ ሁለት ሲደርሰው "አንድ፣ ሁለት" ሳይሆን "ስድስት፣ ሰባት" እያለ እንዲሄድ።

ጨረቃን ትቻት አልሄድኩም። ከዚያ ምሽት ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ረጅም መንገድ በመኪና ስንሄድ ትልቋ ግንባሯን ከመስኮቱ አስጠግታ ቆየች። "አጥሮቹ ይሮጣሉ" አለች። ጥቂት ቆይታ "ተራራው ግን ይንቀራፈፋል።" አንድ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ካለፍኩ በኋላ "ጨረቃ ጭራሹን የማትሄደው ከተራራውም ስለምትርቅ ነው" አለች።

"ታዲያ ስንት ናት?"

"አንድ ናታ!" አለችኝ፣ ሁለት ናት ያልኩት እኔ የሆንኩ ይመስል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሥዕል ደብተሯን ገጾች ቁጥር ልትሰጥ ተቀመጠች። እስከ አስር ድረስ ያለ ችግር ተጓዘች። አሥራ አንድ ላይ 101፣ አሥራ ሁለት ላይ 102 ብላ ጻፈች። ቀዩ እስክሪብቶ በውስጤ ተነሳ። ከዚያ በልማድ፣ በቃ የሙያ ነገር ሆኖብኝ፣ ቀነስኩት፦ 102 ሲቀነስ 12፣ 90። ለዘጠኝ ይካፈላል። ሳቄ አመለጠኝ። የመጣችበት መንገድ ወለል ብሎ ታየኝ፤ አሥር ስትሰማ 10 ጻፈች፣ ሁለት ስትሰማ 2 አስከተለች። ቃሉ እንደሚለው ነው የጻፈችው፤ ቋንቋችን ያለውን ከጆሮዋ ወደ ወረቀት አዛወረች እንጂ ከራሷ አንዲት አሃዝ አልጨመረችም።

"ምን ያስቅሃል?"

"ምንም። ይህን አንብቢልኝ።"

"አሥራ ሁለት።"

"እሺ። መቶ ሁለትን ደግሞ እዚህ ጻፊልኝ።"

ቤታችን ያለው የቁጥር መንገድ አሥር ላይ ነው የሚያበቃው፤ ሆኖም መቶ ሁለትን የአያቷ ቤት በር ላይ ሁልጊዜ ታየዋለች። ጻፈችው። 102። እርሳሷን እንደያዘች ሁለቱን ቁጥሮች አየቻቸው። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። እጄን ከጭኔ በታች አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሦስት ቆጠርኩ። አሥር ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ ላይ ስደርስ ቀና ሳትል እጇን ዘረጋችልኝ።

"ላጲሱን አቀብለኝ።"